ከጠረጴዛው ሥር

«ሀክ ተደረግኩ» የሚል መልእክት ደርሶት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገጹ የተወሰደበት፣ ቴሌግራሙ በስሙ ብር የሚለምንበት ሰው ሁሉ የደረሰበትን የሚናገረው በዚችው ቃል ነው። ሀከር ሲባልም ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያውን አጥልቆ የተቀመጠ ሌባ ነው። እኔም ሥራዬ ሶፍትዌር ነው ባልኩ ቁጥር «እንግዲያው የሰው ስልክ ትጠልፋለህ ማለት ነው?» የሚለኝ ዘመድ አላጣም።

ቃሉ የኮምፒውተር ሰዎች መጠሪያ ለመሆን የበቃው ግን ሞዴል ባቡር የሚያስኬዱ የኮሌጅ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነው። ይሄን ያህሉን የኮምፒውተር ታሪክ የሚወድ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ቀልድም ይነገራል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሌላው ግማሽ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ባቡሩን በመንዳት የሚደሰቱ ነበሩ፣ ተራራውንና ጣቢያውን ቀለም እየቀቡ የሚያሳምሩም ነበሩ። ቃሉን ቃል ያደረጉት ግን ባቡሩ ቀጥ ሲል ጠረጴዛው ሥር ገብተው የተቋረጠውን ሽቦ የሚፈልጉት ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው። ክርክሬም አጭር ነው፤ ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ የምንለው ሙያ ጠባዩን የወረሰው በአብዛኛው ከጥገና ነው። ይህን ስለረሳን፣ ነገሮች እንዳይቆሙ ቀን ከሌት የሚለፉ ሰዎች ስማቸው የሚነሳው ነገሩ የቆመ ቀን ብቻ ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝና እንቀጥል።

ከመጫወቻ ወደ ሲስተም

ሞዴል ባቡር ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው በባትሪ እየሄደ ሶፋ ሥር የሚገባውን የልጅ መጫወቻ ነው። አነሳሱም ከዚያው ነው። የጀርመኑ ማርክሊን በ1859 ሥራ ሲጀምር የሚሠራው የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ ነበር። በ1891 ላይፕሲግ ላይ በተደረገ የንግድ ትርኢት ግን ነገሩን የለወጠ ዕቃ ይዞ ቀረበ፤ የሐዲዱ ስፋት በደረጃ የተወሰነ፣ ዛሬ አንድ ዙር ተገዝቶ ከርሞ ሌላ ሐዲድና መታጠፊያ የሚቀጠልበት ባቡር። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ መሆኑ ቀረና እየተገነባ የሚሄድ ሲስተም ሆነ።

ዛሬ በብዛት የሚታወቀው መጠን ኤችኦ ይባላል። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለኛ እንዲቀርብ በራሳችን ባቡር እናስላው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለስ የነበረው የድሮው ባቡር ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ነበረው። በ87 ስናካፍለው 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የሜትር ሐዲድ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች 12 ሚሊ ሜትር ይጠቀማሉ። የመስመሩን 780 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሁ ብናካፍል ደግሞ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የማንም ሳሎን አይበቃውም።

ሲስተም ሲሆን እንግዲህ የሲስተም ጣጣ ይከተላል። የአንዱ ፋብሪካ ጎማ በሌላው ሐዲድ ላይ አልረጋ ይላል፤ የአንዱ ማያያዣ የሌላውን አልይዝ ይላል። በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበርን፣ በምሕፃሩ ኤንኤምአርኤን፣ ሲያቋቁሙ አንዱ ትልቅ የቤት ሥራቸው ይህንን ማስታረቅ ነበር። ማኅበሩ ካወጣቸው ነገሮች አንዷ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት ናት። ጫፍ ጫፏ ላይ ጥርሶችና ክፍተቶች አሏት፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ልክ መሆን አለመሆኑን፣ ሐዲዱ መጥበብ መስፋቱን በእሷ ይለካል። አንድ ፉርጎ ደጋግሞ ከሐዲድ ሲወጣ መጀመሪያ ከመሳቢያ የምትወጣው እሷ ናት። እኔ በሥራዬ ዩኒት ቴስት የምለው ነገር ማለት ናት።

ላም ባልዋለበት

ሞዴል ባቡር ለምን ይቆማል? አሠራሩን ካወቅን መልሱ ግልጽ ነው። በተለመደው የቀጥታ ኤሌክትሪክ አሠራር አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። በቀኝ ያሉት ጎማዎች ከቀኙ፣ በግራ ያሉት ከግራው ሐዲድ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። ጎማውን የምትነካ ቀጭን የብረት ምላስ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ ታደርሳለች። ሞተሩ ሲዞር በጥርሳቸው የተያያዙ ጊሮች ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ ይመልሱታል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲገላበጥ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ጎማና ሐዲድ በሚነካኩባት ከጤፍ ቅንጣት በማትበልጥ ቦታ መሆኑ ነው፤ እሷም እየተንቀሳቀሰች። አቧራ፣ ዘይት፣ ዝገት መሰል ጥቁር ሽፋን፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ፀጉር፣ ከነዚህ አንዱ ብቻ መስመሩን ለሰከንድ ክፋይ ይቆርጠዋል።

ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ሲመጣ ያገለገለ ኤችኦ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎና አንድ ዙር ሐዲድ ይዞልኝ መጣ። ወለል ላይ ነው የምዘረጋው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ሶፍትዌር ላይ ለቀረሁት ለኔ ይህች ሎኮሞቲቭ የሦስተኛ ዓመት ላብራቶሪን መልሳ ሰጠችኝ። የፍተሻ ሥርዓቱ ከዲባጊንግ ጋር አንድ ነው።

ባቡሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው? እንግዲያው ሐዲዱን፣ በተለይም መጋጠሚያውን እዩ። የትም ይቆማል? ሎኮሞቲቩን እዩ። ቆሞ ሳለ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይነሳል? ጎማው ወይም ሐዲዱ ቆሽሿል። ሞተሩ እያጉረመረመ ጎማው የማይዞር ከሆነ ጊር ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ሎኮሞቲቮች አክስሉ ላይ የተጠለቀችው የፕላስቲክ ጊር በዕድሜ ብዛት ትሰነጠቃለች፣ ወይ ባዶዋን ትዞራለች፣ ወይ በየዙሩ ጠቅ ጠቅ ታሰኛለች። ሞተሩ ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ወደ ሽቦውና ወደ ሞተሩ የካርቦን ብሩሾች ይኬዳል። ፉርጎ ከሐዲድ እየወጣ ካስቸገረ ደግሞ ቦታውን ለውጡት፤ ከመሃል አውጥታችሁ መጨረሻ ላይ አስገቡት። ችግሩ ተከትሎት ከሄደ ጥፋቱ የፉርጎው ነው፤ ጎማው፣ ክብደቱ፣ ወይም የማያያዣው ከፍታ። እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው።

ይህን የማያደርግ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። ባቡሩ ቆመ ብሎ ወዲያው ሞተሩን የሚፈታ ሰው ብዙ ነው፤ በሽታው ግን ሐዲዱ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቢጠረግ የሚድን። በአሸዋ ወረቀት የሚፍቅም አለ። ያን ቀን ያበራለታል፤ ግን የተፋቀው ብረት ጭረት ያወጣና ለነገው ቆሻሻ ማደሪያ ይሆናል። ዘይትም እንደዚያው ነው። ጊሩ ከመርፌ ጫፍ የምትንጠባጠብ ጠብታ ትበቃዋለች። ሲበዛበት ዘይቱ ወደ ጎማው ይወርዳል፣ ከጎማው ወደ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ወደ ሌሎቹ ፉርጎዎች። አንዱን ቦታ ለመጠገን የተደረገ ነገር ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያነብ ማንን እንደሚያስታውሰው ያውቃል።

20 ቁጥር ሕንፃ

አሁን ወለሌ ላይ ያለችውን አንዲት ሎኮሞቲቭ ትተን ብዙ ባቡር በአንድ ጊዜ የሚሄድበትን ትልቅ ጠረጴዛ እናስብ። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ቴክ ሞዴል ሬይልሮድ ክለብ የተባለው የተማሪዎች ማኅበር በ1946 የተቋቋመው አሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው በኤምአይቲ ነው። ክፍሉ 20 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሕንፃው በ1943 በጦርነቱ ጊዜ ለራዳር ምርምር በጥድፊያ የተሠራ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ይፈርሳል የተባለ ጊዜያዊ የእንጨት ቤት ነው። እስከ 1998 ቆመ። ጊዜያዊ መሆኑ በጀው፤ ለወጉ የሚጠበቅ ግድግዳ ስላልነበረው፣ በስተህ ሽቦ ብታሳልፍበት የሚቆጣ አልነበረም።

ጋዜጠኛው ስቲቨን ሌቪ በ1984 ባሳተመው ሀከርስ በተሰኘ መጽሐፉ እንደጻፈው ክለቡ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረበት። አንዱ ወገን የእውነተኛ ባቡሮችን ታሪክ የሚያጠና፣ ሞዴሎቹን የሚያስጌጥ፣ መልክዓ ምድሩን የሚሠራ ነው። ሌላው ወገን የምልክትና የኃይል ንዑስ ኮሚቴ የሚባለው ነው። የሱ ግዛት ከጠረጴዛው በላይ ሳይሆን በታች ነበር፤ እዚያ የተንጠለጠለውን የሽቦና የሪሌ ጫካ ሰዎቹ «ሲስተሙ» ይሉታል።

ሲስተሙ ለምን አስፈለገ? አንድ ጠረጴዛ ላይ አምስት ባቡር ቢኖርና ሐዲዱ ሁሉ ከአንድ ኃይል ጋር ቢያያዝ፣ አምስቱም አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ሐዲዱ እርስ በርሱ በማይነካካ ብሎክ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ብሎክ በዚያ ሰዓት ባቡሩን ከሚነዳው ሰው መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል። ባቡሩ ወደሚቀጥለው ብሎክ ሲሻገር ግንኙነቱም አብሮት መሻገር አለበት። ይህን ማን ይቀያይር? ስልክ ይቀያይር። የክለቡ አማካሪ መምህር የግቢውንም ስልክ ይመራ ስለነበር ተማሪዎቹ የስልክ ማዞሪያ ዕቃ ያገኙ ነበር። ነጂው የስልክ ቁጥር መምቻ አዙሮ ብሎክ ይመርጣል፤ ከታች ሪሌዎቹ እየተንኳኩ ኃይሉን ያሻግራሉ። የስልክ ማዞሪያ የአንድን ሰው ድምፅ ፈልጎ ሌላው ዘንድ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ ይኼኛው ኃይልን ከአንድ ነጂ ወደ አንድ ቁራጭ ሐዲድ ያደርሳል። ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ኮምፒውተር ነው።

ታዲያ ባቡር ሲቆም የጥያቄው ብዛት ይታያችሁ። ጎማው ነው? ሐዲዱ ነው? የብሎኩ መጋጠሚያ ነው? ከሥሩ ያለው ብየዳ ለቆ ነው? የሪሌው መገናኛ ቆሽሾ ነው? ወይስ አመክንዮው ራሱ ሁለት ነጂ አንድ ብሎክ ሲጠይቅ የሚሳሳት ነው? የመጨረሻው ምንም የተሰበረ ዕቃ የሌለበት ብልሽት ነው፤ ሁሉም ክፍል ደህና ሆኖ ድምሩ ስህተት የሚሆንበት። እኔ ባግ የምለው ይህን ነው።

የክለቡን ክፍል ቁልፍ ለማግኘት አንድ ተማሪ 40 ሰዓት ሥራ መሥራት ነበረበት። ቁልፉን ያገኘ ሰው ሌሊትም ቢሆን ገብቶ ጠረጴዛው ሥር መጋደም ይችላል። እዚያ ሥር የራሳቸው ቋንቋ ተወለደ። አልሠራ ያለ ዕቃ «ተሸነፈ» ይባላል። ላይጠገን የተበላሸው «መንጅድ» ሆነ። ትርፍ ኮተትና ጉድፍ «ክራፍት» ተባለ፤ ይህን ቃል ፕሮግራመሮች ዛሬም ዕድሜ ለጠገበ ቆሻሻ ኮድ ይጠቀሙበታል። ሥራው ራሱ ስለሚያስደስት ብቻ የሚሠራ፣ ብልሃትና አዲስ መንገድ ያለበት ሥራ ደግሞ «ሀክ» ተባለ። ከአባላቱ አንዱ ፒተር ሳምሰን በ1959 የክለቡን ቃላት መዝገበ ቃላት አድርጎ አዘጋጀ፤ እዚያ ሀክ የሚለው ቃል ከተሰጡት ፍችዎች የመጀመሪያው ለቁም ነገር ግብ ያልተሠራ ነገር የሚል መንፈስ ያለው ነው። ራሳቸውን ሲያሾፉ ነው። ስማቸውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በኩራትም ይጠሩበት ነበር።

ነገሩን ግን ገነት አናድርገው። ክፍሉ የወንዶች ክፍል ነበር፤ ቁልፉ በ40 ሰዓት ይገኛል ቢባልም መጀመሪያ እዚያ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል። የስልክ እውቀታቸውንም ለባቡር ብቻ አላዋሉትም፤ በኅዳር 1963 የኮሌጁ የተማሪዎች ጋዜጣ የግቢውን ስልክ ስለሚበጠብጡ ሀከሮች ጽፏል። «ቃሉ ቅዱስ ነበር፣ ጋዜጠኞች አበላሹት» የሚለውን የሙያ ጓደኞቼን ስሞታ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ሁለቱ ትርጉሞች የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው።

ፍሊትና ዲዲቲ

በ1959 ኤምአይቲ ውስጥ ጆን ማካርቲ ለጀማሪ ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ትምህርት ሲጀምር ከክለቡ ልጆች የተወሰኑት ገቡ። የሚማሩበት አይቢኤም 704 ግን እጅ የማይነካው ዕቃ ነበር። ፕሮግራምህን ካርድ ላይ በስተህ ለኦፕሬተር ትሰጣለህ፤ ውጤቱን በኋላ፣ ምናልባትም በማግስቱ ትቀበላለህ። አንዲት ነጠብጣብ ብትሳሳት እንደገና ትሰለፋለህ። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በገዛ እጁ ለፈተሸ ሰው ይህ በመስኮት በኩል ቀዶ ሕክምና እንደማድረግ ነው።

እዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ሌላ ማሽን መጣ። ቲኤክስ ዜሮ ይባላል፤ በትራንዚስተር የተሠራ፣ ከሊንከን ላብራቶሪ በ1958 በውሰት የመጣ። የማስታወሻው መጠን 4,096 ቃል፣ በዛሬ ስሌት 9 ኪሎባይት ገደማ ነው። ቴሌግራም ላይ የምትላላኩት አንድ ስቲከር ከዚያ ይበልጣል። ግን ፊቱ መቀመጥ ይቻላል። የክለቡ የቀድሞ አባል ጃክ ዴኒስ ልጆቹን ከማሽኑ ጋር አስተዋወቃቸው፤ እነሳምሰን፣ አለን ኮቶክ፣ ቦብ ሳንደርስ ሌሎች ሲተኙ ባዶ የሚሆነውን የሌሊት ሰዓት ወሰዱ። ማሽኑ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ድምፁ ስለሚለዋወጥ የለመደ ጆሮ ማሽኑ የትኛው የኮዱ ክፍል ላይ እንዳለ ይለያል። የሪሌዎቹን ኳኳታ ሰምተው ኃይሉ የት እንደደረሰ ለሚያውቁ ልጆች ይህ አዲስ ነገር አልነበረም።

ከዚህ የመጣውን የምወደው ነገር ልንገራችሁ። ለቲኤክስ ዜሮ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ውስጡን እየከፈቱ የሚያዩበት መሣሪያ ተጻፈ፤ ጸሐፊዎቹ ቶማስ ስቶክሃምና ጃክ ዴኒስ ናቸው። ስሙን ፍሊት አሉት። አዎ፣ ያው ፍሊት፤ እናቶቻችን በረሮና ትንኝ ላይ የሚነፉት። ለኛ የማንኛውም ተባይ ማጥፊያ መጠሪያ ሆኖ የቀረው ስም እዚያ የታወቀ የንግድ ስም ነበር። ባግ ማለት ነፍሳት፣ መድኃኒቱም ፍሊት። ፒዲፒ 1 የተባለው ማሽን በ1961 ሲመጣ ኮቶክ ተከታዩን መሣሪያ ጻፈ፤ ስሙ ዲዲቲ ሆነ። ዛሬ ክሮም ላይ የፍተሻ መስኮት ከፍቶ ኮዱን መስመር በመስመር የሚያስኬድ ልጅ የዚያ የፍሊት የልጅ ልጅ ልጅ እጁ ላይ ነው።

በ1962 ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር በዚያው ፒዲፒ 1 ላይ ስፔስዋር የተባለውን የሁለት መርከቦች ጨዋታ ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጌሞች አንዱ ነው። የማሽኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች ለጨዋታ አይመቹም፤ ክርን ያሳምማሉ። ኮቶክና ሳንደርስ ወደ ባቡር ክለቡ ክፍል ሄደው፣ ከዚያ በተገኘ ትርፍራፊ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እንጨትና ሽቦ የእጅ መቆጣጠሪያ ሳጥን ሠሩ። ዛሬ ፕሌይስቴሽን ቤት የምትይዙት ነገር ዘሩ ሲቆጠር ከባቡር ጠረጴዛ ሥር ይደርሳል።

ቆሻሻን የሚያውቅ ፕሮቶኮል

ባቡሩ ለኮምፒውተር የሰጠውን ኮምፒውተሩ መለሰለት። በ1990ዎቹ ኤንኤምአርኤ ዲሲሲ የተባለውን ዲጂታል የቁጥጥር ስታንዳርድ አጸደቀ፤ መሠረቱ የጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ነው። ብሎክ መቀያየር ቀረ። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኃይል አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ኃይል ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ሞገዱ በ58 ማይክሮ ሰከንድ ሲገለባበጥ 1 ነው፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ 0 ነው። በየሎኮሞቲቩ ውስጥ አድራሻ ያላት ዲኮደር ተቀምጣለች፤ አዲስ ስትሆን አድራሻዋ 3 ነው። የሷን አድራሻ የያዘ መልእክት ስትሰማ ትታዘዛለች።

መልእክቱ ማብቂያ ላይ ማረጋገጫ ባይት አለ። ካልገጠመ ዲኮደሯ መልእክቱን ትጥለዋለች፣ ቀድሞ የታዘዘችውን ትቀጥላለች። ላኪው ጣቢያም ደረሰሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሞ ይልካል። የኔትወርክ ትምህርት የተማረ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ብክነት ሊመስለው ይችላል። ሐዲድ ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ግን ይገባዋል። የሚጠፋ መልእክት እንዳለ ተቀብሎ የተነሳ ፕሮቶኮል ነው። ቆሻሻውን ከሒሳቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ጥገናውም ተለወጠ። አሁን ባቡሩ እየፈጠነ ሲሄድ የፊት መብራቱ ቦግ እልም ካለ ጥፋቱ አምፖሉ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ዲኮደሯ ውስጥ 29ኛው የቅንብር ቁጥር ላይ የአንድ ቢት ጉዳይ ነው። ዲኮደሯ ፍጥነትን በ14 ደረጃ ስትቆጥር ጣቢያው በ28 ይልክላታል፤ በመካከል መብራቱ ይቀጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ሐዲዱ አንድ ቦታ ላይ ሾርት ሲያደርግ መቆራረጫው በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ግን ዛሬም ብልሃቱ ያው የድሮው ነው፤ አንድ ሳንቲም ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ታጋድማለህ። መቆራረጫው ካልቆረጠ ከሥር ያለው ሽቦ ቀጥኗል ወይም መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው።

የባቡር ክስ

እያንዳንዱ አምራች የዲኮደሩን ቅንብር በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ፣ የሁሉንም የሚያውቅ ፕሮግራም አስፈለገ። በካሊፎርኒያ በርክሊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው ሮበርት ጃኮብሰን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ጄኤምአርአይ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ሠራ። ዋናው ሀብቱ የዲኮደሮች መግለጫ ፋይሎች ናቸው፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው ዲኮደር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሰዎች አንድ በአንድ ሞክረው የጻፏቸው። የጥገና ማስታወሻ ደብተር በሉት። ማንም ይወስዳል፣ ይለውጣል፤ ቅድመ ሁኔታው የሠሩትን ሰዎች ስም አለማጥፋትና የለወጠውን ነገር መግለጽ ነው።

ማቲው ካትዘር የሚባል የሞዴል ባቡር ሶፍትዌር ነጋዴ ፓተንቴን ጥሰሃል ብሎ ጃኮብሰንን ገንዘብ ጠየቀው። ጃኮብሰን በ2006 ፍርድ ቤት ሄደ። በክርክሩ መካከል የካትዘር ምርት ከጄኤምአርአይ መግለጫ ፋይሎች ወስዶ የሠሪዎቹን ስም እንዳላስቀመጠ ወጣ። ጥያቄው ከባቡር በላይ ሆነ። በነፃ የተሰጠ ኮድ ላይ የተጻፈ ቅድመ ሁኔታ በቅጂ መብት ሕግ ያስጠይቃል? ወይስ ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር ባለቤት የለውም? የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለጃኮብሰን አላደላም። በነሐሴ 2008 ግን የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ቅድመ ሁኔታው ጽኑ እንደሆነ፣ የጣሰውም በቅጂ መብት ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ጉዳዩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ፤ ካትዘር 100,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ዛሬ በመላው ዓለም ኩባንያዎች ኦፕን ሶርስ ኮድ ሲጠቀሙ ፈቃዱን እንዲያነቡ የሕግ ሰዎቻቸው የሚያስገድዷቸው በከፊል በዚህ ፍርድ ምክንያት ነው። የተከራከሩበት ንብረት መዳፍ የማይሞላ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚስተካከል የሚገልጽ ፋይል ነው። የተጠየቀውም ክብር ትንሽ ነበር፤ የሠሩት ሰዎች ስም እንዳይጠፋ።

ስም

በምሠራበት ቦታ የምጠብቀው ሲስተም ከምረቃዬ በፊት የተጻፈ ነው። የጻፉት ሰዎች አብዛኞቹ አሁን የሉም። የዓመቱ ግምገማ ሲመጣ የሚጠየቀው «ምን አዲስ ነገር ሠራህ?» ነው። እንዳይቆም ያደረግኩት ነገር አልቆመምና ማስረጃ የለውም። ይህን የምለው ለማማረር ብቻ አይደለም። ጓደኞቼን ሳያቸው፣ አዲስ የሚመረቁትንም ሳያቸው፣ ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ተራራ መሥራት እንፈልጋለን፤ ሥሩ መግባት የቅጣት ምድብ ሆኗል። ስልክ የሚጠግነውን ልጅ ከመሐንዲስ አንቆጥረውም። የተዘጋ ዕቃ ሲበላሽ ከመክፈት መጣል ይቀናናል።

ታሪኩ ሌላ ነገር ይላል። ኮቶክ፣ ያ የባቡር ክለብ ልጅ፣ በኋላ የፒዲፒ 10 ኮምፒውተር ዋና አርክቴክት ሆነ፤ ከዚያም የዌብን ስታንዳርድ በሚያወጣው ድርጅት ውስጥ ሠራ። ፈጠራውን የወሰደው ከጥገናው ላይ ነው። ሲስተም የት እንደሚታመም በእጁ የሚያውቅ ሰው አዲስ ሲሠራ የት እንደሚጠነክር ያውቃል፤ ዲሲሲ ትእዛዙን ደጋግሞ የሚልከውም በዚህ ዓይነት እውቀት ነው።

ዛሬ የዚያን ክፍል ቁልፍ ለማግኘት ኤምአይቲ መግባት አያስፈልግም። ማንኛውም የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ያልተፈቱ ባጎቹን ዘርዝሮ ለሁሉም አስቀምጧል፤ ጄኤምአርአይም አስቀምጧል። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹም ማንም ስላልነካቸው ነው የቆዩት። አንዱን ምረጡ። መጀመሪያ ችግሩ ሐዲዱ ላይ ይሁን ሎኮሞቲቩ ላይ ለዩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። 40 ሰዓት ስትሞሉ ሌሎች ሰዎች የጻፉት ኮድ ውስጥ ቤተኛ ትሆናላችሁ፤ ስማችሁም ከነሱ ስም ቀጥሎ ይጻፋል።